ለገሃር በመንዝ ቤት፤ የታሪካዊውን የባቡር ጣቢያ አምሳያ ከልጆች ጋር ስለ መሥራት

«ባቡር» የሚለው ቃል በመንዝ፥ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ሲነገር አስቀድሞ ወደ ልብ የሚመጣው ወፍጮ ነው። እናቶቻችን «ገብሱን ወደ ባቡር ላክነው» ሲሉ የሚያስቡት በሞተር የሚዞረውን የእህል መፍጫ እንጂ በሐዲድ ላይ የሚገሠግሠውን ሠረገላ አይደለም። ይህም ሊያስደንቅ አይገባም፤ የምድር ባቡር የመንዝን ደጋ ረግጦት አያውቅምና። ከመሐል ሜዳ፥ ከሞላሌ፥ ከራቤል ወይም ከዓለም ከተማ ተነሥቶ ሐዲድ ለማየት የፈለገ ሰው ወይ እስከ አዲስ አበባ መሄድ፥ ወይም ገደሉን ወርዶ ወደ ቆላው መግባት ነበረበት።

ይሁን እንጂ ባቡር ባልደረሰበት አገር የባቡር ትዝታ የለም ማለት አይደለም። ታኅሣሥ 19 ቀን የሚከበረውን የቅዱስ ገብርኤልን በዓል ለማክበር ወደ ቁልቢ የወረዱ፥ ስእለታቸውን ይዘው ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ በባቡር የተጓዙ አባቶችና እናቶች በየሰፈሩ አሉ። እነርሱ ግን ሸምግለዋል። አሮጌው ባቡር በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል መመላለሱን ካቆመ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ዓመት አልፏል፤ ስለዚህም ዛሬ በትምህርት ቤት ያሉት ልጆች ጭሱንም ሆነ ጩኸቱን አያውቁትም። «ለገሃር» ሲባል የሚያውቁት የታክሲ ማቆሚያውን ስም ብቻ ነው። ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ መሆኑንና ትርጓሜውም «ጣቢያው» ማለት መሆኑን የሚነግራቸው ሰው ካላገኙ፥ ስሙ እንደ ባዶ ጋን ይቀራል።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ የምንተርከው በአንድ የክረምት ወራት፥ ትምህርት ቤት በተዘጋበትና ጉም ደጁን በሸፈነበት ጊዜ፥ በመንዝ በሚገኘው ቤታችን ከልጆቻችን ጋር የለገሃርን ጣቢያ በትንሽ አምሳያ ስለ መሥራታችን ነው። ሥራው እንደ ቀልድ የተጀመረ ቢሆንም ከቀልድ ያለፈ ፍሬ ስላየንበት ሌሎች ቤተ ሰቦችም ቢሞክሩት መልካም ነው ብለን አሰብን።

ታላቁን ነገር በትንሹ አድርጎ መሥራት በውጭ አገር ከልጆች ጨዋታ የሚቈጠር አይደለም። ለምሳሌ በአየርላንድ ሲረል ፍራይ የሚባል፥ በደብሊን አጠገብ በኢንቺኮር የባቡር ፋብሪካ ይሠራ የነበረ ሰው፥ የአገሩን ባቡሮች ዕድሜውን ሁሉ በትንሹ ሲሠራ ኖሯል። የሠራቸውም ባቡሮች ከእርሱ ሞት በኋላ ማላሃይድ በምትባለው ከተማ ለሕዝብ እንዲታዩ ተደርጓል። አንዳንዶቹ እውነተኞቹ ባቡሮች ተሰባብረው ብረታቸው ሲቀልጥ፥ አምሳያዎቹ ግን ቀርተዋል። ይህን ስናነብ ልባችን ተነካ።

ከዚያው አገር ሌላ ምሳሌ እንጥቀስ። በደብሊን ከተማ ሃርኮርት ጎዳና የሚባል ጣቢያ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1859 ተከፍቶ በ1958 መጨረሻ ተዘጋ። ይህ ጣቢያ የመስመሩ መጨረሻ ስለ ነበረ ባቡሩ ከዚያ ወዲያ የሚሄድበት የለውም፤ በየካቲት 1900 ግን ከብት የጫነ ባቡር መቆም ተስኖት የጣቢያውን የጀርባ ግንብ ሰብሮ ወጣና ከመንገዱ በላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ነጂው አንድ ክንዱን ቢያጣም ነፍሱ ተርፋለች። ዛሬ የጣቢያው ሕንፃ ቆሟል፥ ባቡሩ ግን የለም፤ በፊቱ የሚያልፈው በ2004 ሥራ የጀመረው የከተማ ትራም ነው። የአየርላንድ ሰዎች ይህን የመሰሉትን የተዘጉ ጣቢያዎች እየመረጡ በትንሹ ይሠራሉ። እኛስ የለገሃር ነገር ከዚህ በምን ይለያል? ሕንፃው ቆሟል፤ አሮጌው ባቡር የለም፤ በአጠገቡም በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ያልፋል።

ልጆች አንድን ነገር ከመሥራታቸው በፊት ታሪኩን ማወቅ አለባቸው፤ አለዚያ የሚሠሩት ሣጥን እንጂ ጣቢያ አይሆንም። ስለዚህ ጭቃ ከማቡካታችን በፊት ሦስት ማታ ያህል ስለ መስመሩ ስንነጋገር ቆየን። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የባቡሩን መንገድ እንዲሠራ ለስዊሳዊው ለአልፍሬድ ኢልግ የፈቀዱት በ1886 ዓ.ም. ነው። ፈረንሳዊው ሊዮን ሸፍኔም የሥራው ተካፋይ ነበር። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ኩባንያ ከሰረና ሥራው ለብዙ ጊዜ ቆመ፤ ሌላ ኩባንያ ተቋቁሞ እስኪቀጥለው ድረስ ድሬዳዋ የመንገዱ ዳርቻ ሆና ቆየች፥ ከተማነቷም ከዚሁ የመጣ ነው። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር ሲሆን፥ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ይወጣል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ በሌሊት ስለማይሄድ መንገደኛው በድሬዳዋና በአዋሽ እያደረ ሦስት ቀን ይጓዝ ነበር። ከልጆቹ አንዱ ይህን ሰምቶ «ታዲያ በበቅሎ አይሻልም ነበር?» ብሎ ጠየቀን፤ ቅፍለት ከጠረፍ እስከ ሸዋ ስንት ሳምንት ይፈጅ እንደ ነበረ በነገርነው ጊዜ ግን ዝም አለ።

ዛሬ የምናየው የለገሃር ሕንፃ የተመረቀው በኅዳር ወር 1922 ዓ.ም. ነው። በሚቀጥለው ዓመት ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ለተፈጸመው የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ከውጭ አገር የመጡት እንግዶች የወረዱት በዚሁ ጣቢያ ነው። ከዚያም በፊት በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ወደ ኢየሩሳሌምና ወደ አውሮፓ ሲሄዱ ጉዟቸውን የጀመሩት በባቡር ነበር። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ በስደት ሲወጡ ከአዲስ አበባ የተነሡት በባቡር ነው። የደስታውና የኀዘኑ መንገድ አንድ ሐዲድ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ያህል እናሳንሰው?» የሚል ነው። በውጭ አገር ብዙዎች የሚሠሩት አንዱን ሜትር ወደ ዐሥራ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ዝቅ አድርገው ነው፤ ይህም ሰማንያ ሰባት ጊዜ ማሳነስ ይባላል። ፋብሪካው የሠራውን ለሚገዛ ሰው ይህ ይመቸዋል፥ በእጁ ለሚሠራ ቤተ ሰብ ግን እጅግ ደቃቅ ነው። እኛ ኀምሳ ጊዜ ማሳነስን መረጥን። በዚህ መጠን አንድ ሜትር ሁለት ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ሒሳቡንም የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ሊያወጣው ይችላል። ቁመቱ አንድ ሜትር ከሰባ የሆነ ሰው ሦስት ሴንቲ ሜትር ከአራት ሚሊ ሜትር ይሆናል። ዐሥራ ሁለት ሜትር የሚረዝመው ፉርጎ ሃያ አራት ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ልጆቹ ከዚህ አልፈው መንገዱን በሙሉ አሰሉት፤ ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ያለው ሐዲድ ኀምሳ ጊዜ ቢያንስም ዐሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያልፋል። ገበያ ለመሄድ ያን ያህል የሚራመድ የመንዝ ልጅ ስለሆኑ ርቀቱ ወዲያው ገባቸው።

ሁለተኛው ጥያቄ መለኪያ ነው። ለገሃር ድረስ ሄደን በሜትር ለመለካት አልቻልንም፤ የነበረን ጥቂት ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ነገር ግን የአሮጌው መስመር አንድ ትልቅ ስጦታ አለው፤ ይኸውም በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት ልክ አንድ ሜትር መሆኑ ነው። ስለዚህ ሐዲዱ የሚታይበት ፎቶግራፍ ሁሉ በውስጡ የራሱን ሜትር ይዟል። በፎቶግራፉ ላይ የሐዲዱን ስፋት በወረቀት ቍራጭ ምልክት ታደርጋላችሁ፤ ከዚያም ያን ቍራጭ በዚያው ርቀት ላይ ከቆመው ፉርጎ፥ በር ወይም ምሰሶ ጋር ታስተያያላችሁ። «በዚያው ርቀት» ያልነውን ልብ በሉ፤ በፎቶግራፍ የቀረበ ነገር ይሰፋል፥ የራቀ ይጠባል፤ ስለዚህ ከፊት ባለ ሐዲድ ከኋላ ያለውን ግንብ የለካ ሰው ዶሮ ማደሪያ ይሠራል። ከፊት ለፊት በተነሣው ፎቶግራፍ ሐዲድ ስለማይታይ፥ የሕንፃውን ስፋት ከጀርባው በኩል አወጣን፤ አንድ ቤት በፊቱም በኋላውም ስፋቱ አንድ ነውና። ከፍታውን ደግሞ በደጁ ከቆሙት ሰዎች ቁመት ገመትን።

ሦስተኛው ነገር መጨቆን ነው። የመንገደኛው መሳፈሪያ በእውነተኛው ርዝመት ልሥራው ቢባል ከቤት ወጥቶ እስከ በረቱ ይደርሳል። ስለዚህ ምን እንደሚያጥርና ምን እንደማያጥር መወሰን ያስፈልጋል። በእኛ አስተያየት የበር ቁመት፥ የፉርጎ ስፋትና የሰው መጠን ፈጽሞ አይነኩም፤ የመሳፈሪያው ርዝመትና የፉርጎዎቹ ቍጥር ግን ቢቀንሱ ዓይን አይቀየምም። ለገሃር የመስመሩ መጨረሻ መሆኑም ለእኛ በጀን፤ ሐዲዱ ከአንድ ወገን ገብቶ እዚያው ያልቃልና ክብ እየዞረ የሚመለስ መንገድ መሥራት አላስፈለገንም። እውነተኛው ባቡር የሚጠማዘዝበት ኩርባ ሰፊ ስለሆነ በትንሹም እንኳ ቢሠራ አንድ ሙሉ ቤት ይይዛል። ለጀማሪ ሰው ከዚህም የሚቀል ቢፈልግ የአዋሽን ጣቢያ እንመክረዋለን፤ ትንሽ ነው፥ ምግብ ቤቱም በመንገደኞች ዘንድ የታወቀ ነበር፥ ዛፎቹም ያምራሉ። ልጆቻችን ግን «ዋናውን ካልሆነ» አሉን።

ስለ ዕቃው ጥቂት በሰፊው እንናገር፤ የመንዝ ቤት ከብዙ የከተማ ቤት ይልቅ ለዚህ ሥራ የተመቸ ሆኖ አግኝተነዋልና። መሠረቱ ሁለት ሜትር ከአርባ የሆነ የባሕር ዛፍ ጣውላ ነው። ጣውላው እርጥብ ከሆነ በበጋ ይጣመማል፤ ስለዚህ ቢያንስ አንድ ወር በጎተራ ሥር በጥላ መድረቅ አለበት። ለሐዲዱ ወፍራም የብረት ሽቦ በሁለት ጉጠት ወጥሮ ማቃናት ነው። ከሥሩ በአግድም የሚረበረቡትን ከቀርከሃ ስንጥር ቈረጥን፤ ሽቦውን በቀጭን መዳብ እያሰርን በሙጫ አጠበቅነው። ሁለቱ ሽቦዎች በየትም ቦታ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተራርቀው መሄድ አለባቸውና፥ ትልቁ ልጃችን ከእንጨት አንድ መለኪያ ጠርቦ ሐዲዱን ከዳር እስከ ዳር እየገፋ ፈተነበት። በሐዲዱ መካከል የሚፈሰውን ጠጠር ከወንዝ አሸዋ በወንፊት ነፋነው።

ግድግዳው ከወፍራም ካርቶን ተቈርጦ በላዩ ስስ ጭቃ ተለሰነ። እዚህ ላይ ሴቶች ልጆቻችን መምህራኖቻችን ሆኑ። ጭቃው በደቀቀ የገብስ ገለባ ታሽቶ ሁለት ሌሊት ካላደረ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ይህን ግድግዳ የለቀለቀች የመንዝ ሴት ሁሉ ታውቀዋለች፥ የፈረንጅ መጻሕፍት ግን አይነግሩም። ለገሃር ባለ ሁለት ደርብ ሆኖ መካከሉ ጐልቶ የወጣ፥ ግራና ቀኙም የተመሳሰለ ነው፤ ስለዚህ አንድ ወገን በትክክል ከተቈረጠ ሌላው በእርሱ ላይ ተደርጎ ይቈረጣል። ለመስኮት መስተዋት ብሩህ ላስቲክ፥ ለማጣበቂያ ደግሞ የስንዴ ዱቄት በውኃ ተማስሎ የተፈላ ሙጫ በቃን። አይጥ ይህን ሙጫ እንደሚወደው ግን እንናገራለን፤ ጥቂት እሬት ቢገባበት ይተወዋል።

ስለ ሣሩና ስለ ዛፉ ያየነው ነገር እጅግ ደስ አሰኝቶናል። በውጭ አገር አምሳያ የሚሠሩ ሰዎች ሣር ለማስመሰል ቀለም የገባ ደቃቅ ጭረት በገንዘብ ይገዛሉ። የመንዝ በግ ግን ይህን በጀርባው ተሸክሞት ይዞራል። ባናና በርኖስ ከሚሠራበት ጠጕር ከመፍተል የተረፈውን ነጩን ቍርጥራጭ ወስደን ከፊሉን በቅጠል አረንጓዴ፥ ከፊሉን በሽንኩርት ልጣጭ ቢጫ አድርገን ቀቀልነው፤ ሲደርቅ በመቀስ አድቅቀን ሙጫ በተቀባው ጣውላ ላይ ነሰነስነው። ከሩቅ ያየው ሰው የመስከረም ሣር ነው ይላል። ለዛፍ ደግሞ የአስታ ጭራሮ የሚያህል የለም፤ ደቃቅ ቅርንጫፉ ራሱ ትንሽ ዛፍ ነው። የጓሳን ሣር ለመቍረጥ የፈለጉትን ልጆች ግን ከለከልናቸው። ያ ምድር ከጥንት ጀምሮ አባቶቻችን በቄሮ ሥርዓት ጊዜ እየወሰኑ ይጠብቁት የነበረ ነው፤ ለመጫወቻ ሲባል የሚደፈር አይደለም። ለመካከለኛው ልጅ ይህ ክልከላ ከባቡሩ ታሪክ ሁሉ የበለጠ ጥያቄ አስነሣበት፤ አንድ ሙሉ ማታ ስለ ጓሳ ስንነጋገር አመሸን፥ ለገሃርም በዚያ ማታ ሥራ ፈቶ አደረ።

ሐዲዱ ተነጥፎ ሕንፃው በቆመ ጊዜ አያታቸውን ጠራናቸው። እኒህ አባት በወጣትነታቸው ቁልቢ የወረዱ ናቸው፤ አሁን ግን ዓይናቸው ፈዞ ብርሃንና ጥላን እንጂ መልክን አይለዩም። ልጆቹ «አባባ፥ ለገሃርን ሠርተናል፥ ይምጡና ይዩልን» ባሏቸው ጊዜ እኛ ደንግጠን ነበር። እርሳቸው ግን ከጣውላው አጠገብ ተቀምጠው እጃቸውን ዘረጉ። ጣታቸውን በጣሪያው ጠርዝ፥ ቀጥሎም በመሳፈሪያው ላይ እያሳለፉ ከሐዲዱ ደረሱ፤ ከካርቶን የተሠራውንም ፉርጎ ዳሰሱ። ከጥቂት ዝምታ በኋላ «ይህ ልክ አይደለም» አሉ። «የፉርጎው ወለል ከመሬቱ እኩል አልነበረም። ከፍ ያለ ነው። እናቴ መውጣት አቅቷት አንድ ወታደር ብብቷን ይዞ ነው ያወጣት።»

ይህን ታሪክ ከእኛ መካከል ሰምቶት የሚያውቅ አልነበረም። እናታቸው አብረዋቸው ወደ ቁልቢ መሄዳቸውንም በዚያ ቀን ሰማን። ከዚያ በኋላ ነገሩ እንደ ተከፈተ ምንጭ ፈሰሰ። ከመሐል ሜዳ እስከ ጣርማ በር በእግር፥ ከዚያ በጭነት መኪና አዲስ አበባ መግባታቸውን ነገሩን። የደጋ ሰው ናቸውና በርኖሳቸውን ደርበው ተሳፈሩ፤ ባቡሩ ወደ አዋሽ ሲወርድ ሙቀቱ ሲጨምር፥ ሌባ ይወስድብኛል ብለው በርኖሱን ሳያወልቁ በላብ ተነክረው ድሬዳዋ ደረሱ። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ፤ እርሳቸውም ሣቁ። በየጣቢያው መስኮቱ ሥር ቆመው እንቍላልና ወተት ስለሚሸጡት ሴቶች፥ በሌሊት ስለሚሰማው የመንኰራኵር ድምፅ፥ ሰው ሁሉ ተኝቶ እናታቸው ብቻ ነቅተው ሲጸልዩ ስላዩበት ሰዓት ነገሩን። ትንሿ ልጅ በደብተሯ ትጽፍ ነበር። እኛ ከእርሳቸው ጋር ስንኖር ብዙ ዓመት ሆኖናል፤ ይህን ሁሉ ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቀናቸው አናውቅም ነበር።

በማግስቱ ልጆቹ መሳፈሪያውን ዝቅ አድርገው ሠሩት። በፉርጎውም በር ሥር ሁለት የቆርቆሮ እርከን ጨመሩ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ሥራ አያታቸው ሳይዳስሱት «አልቋል» አይባልም።

ስለ ፉርጎዎቹና ስለ ሞተሩ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ልጆች ከሽቦና ከቆርቆሮ መኪና መሥራት ቀድሞውኑ ያውቃሉ፤ ልዩነቱ መንኰራኵሩ ከሐዲዱ እንዳይወርድ በውስጥ በኩል ከንፈር ያስፈልገዋል። ትንሹን ሞተር ከተሰበረ መጫወቻ አውጥተን በድንጋይ ባትሪ አዞርነው፤ ጉልበቱ ሁለት ፉርጎ ለመሳብ ይበቃል። ባቡሩ ሲመጣ ከየት እንደ መጣ እንዳይታወቅ ግን አንድ ብልሃት አለ። በጣውላው መጨረሻ ጭቃና ጨርቅ አልብሰን ኮረብታ ሠራን፤ ከጀርባው ያለው ሐዲድ ለተመልካች አይታይም፤ ባቡሩ እዚያ ተሸሽጎ ይቆይና በሰዓቱ ብቅ ይላል። ትንሿ ልጅ ያንን ስፍራ «ጅቡቲ» ብላዋለች።

ከሁሉ የበለጠ ያደከመን በጣቢያው ፊት ያለው አንበሳ ነው። ይህ ጆርጅ ጋርዴ የሚባል ፈረንሳዊ ቀራፂ የሠራው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት በዘውድ በዓሉ ወራት የቆመ ሲሆን፥ በብሔራዊ ቴአትር ፊት ካለው የድንጋይ አንበሳ ጋር ብዙ ሰው ያምታታዋል፤ ሁለቱ ግን የተለያዩ ናቸው። ጣልያኖች አገራችንን በወረሩ ጊዜ የለገሃሩን አንበሳ ወደ ሮማ ወሰዱት። በሰኔ ወር 1930 ዓ.ም. ዘርዓይ ደረስ በሮማ ሰይፉን የመዘዘው በዚህ ሐውልት አጠገብ ነው። ሐውልቱ ከብዙ ዓመታት በኋላ ወደ አገሩ ተመለሰ። ይህ ሁሉ በሁለት ጣት በሚያዝ ነገር ላይ እንዴት ይገለጻል? ጭቃ ሞከርን፥ እግሩ ተሰበረ። በመጨረሻ ሰም በሞቀ ውኃ አለስልሰን በቀጭን ሽቦ አጥንት ላይ ጠቀለልነው። ከአንበሳ ይልቅ ውሻ መስሏል ያሉ ጎረቤቶች አሉ፤ እኛ ግን ዘውዱን አይታችሁ ፍረዱ እንላለን።

አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ለወላጆች እውነት አይሆንም። ይህ ሥራ ትዕግሥት ይፈጃል፤ የቤቱንም ጠባይ ያወጣል። አንዱ ልጅ ፈጥኖ መጨረስ ይወዳል፥ ሌላው አንዲት መስኮት ስትጣመም አፍርሶ እንደ ገና ይጀምራል። ቢላዋና የፈላ ሙጫ ከሕፃናት እጅ መራቅ አለበት። በክረምትም ቢሆን ከብት ይጠበቃል፥ ውኃ ይቀዳል፤ ባቡሩ የሥራ ማምለጫ እንዳይሆን እኛ የፈቀድነው ከእራት በፊት ላለች አንዲት ሰዓት ብቻ ነበር። ወንዱ ልጅ ጭቃ ማቡካት የሴት ሥራ ነው ብሎ ሲያፍር፥ ሴቷም ሞተር የወንድ ነው ብላ ስትሸሽ አይተናል፤ ሁለቱም በሁለት ሳምንት ውስጥ ተረሳ።

አሁን ሁለተኛ ጣውላ እየደረቀ ነው። ከመንዝና ከግሼ ገደል ሥር ባለው ቆላ፥ በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ በኩል፥ ከአዋሽ ወደ ኮምቦልቻ የሚሄደው አዲሱ የባቡር መንገድ ሥራ በ2007 ዓ.ም. ተጀምሮ ሐዲዱ ተነጥፏል፤ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ጉዳት ደርሶበታል። ይህ መንገድ እንደ አሮጌው ባለ አንድ ሜትር አይደለም፤ በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ እንደ ጀመረው እንደ አዲሱ የአዲስ አበባና የጅቡቲ መስመር በሐዲዶቹ መካከል አንድ ሜትር ከ435 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፥ በኤሌክትሪክ ኃይል እንዲሄድም ታስቦ የተሠራ ነው። በእኛ መጠን ሁለት ሴንቲ ሜትር ከዘጠኝ ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ትልቁ ልጃችን አዲስ መለኪያ ጠርቧል። አሮጌው ፉርጎ በአዲሱ ሐዲድ ላይ እንደማይሄድ ለአያቱ ሊያስረዳ ሁለቱን መለኪያዎች በእጃቸው አስያዛቸው፤ እርሳቸውም አንዱን በቀኝ፥ አንዱን በግራ እጃቸው መዝነው፥ «ይህኛው ለሰፊ ሰው ነው» አሉ። ቀጥለውም ከደጋው ወርዶ የሚሳፈር ሰው በርኖሱን የት እንደሚያስቀምጥ ጠየቁ። ልጁ በፉርጎው ውስጥ ከመቀመጫው በላይ መደርደሪያ ሊሠራ ቀርከሃ ሲሰነጥቅ ትተነው ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ተቀመጥን።